የመዋኛ ገንዳን በፀሐይ ማሞቅና የመብራት ታሪፍ፦ ቁጠባው ከየትኛው እርከን ላይ ይነሣል?

በኅዳር ወር መጨረሻ ገደማ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ሐይቅ ብዙም የማይርቅ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ገብቼ ነበር። ባለቤቱ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ያሠሩትን መዋኛ ገንዳ እያሳዩኝ «ልጄ፣ ሶላር ባስገባ መብራቱ በስንት ይቀንስልኛል?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ጋሼ፣ መጀመሪያ የገንዳውን ልክና የዓመቱን የመብራት ደረሰኞች ያሳዩኝ» አልኳቸው። የገንዳው ልክ እንደሚጠየቅ ጠብቀው ነበር፤ የደረሰኙ ነገር ግን አልገባቸውም። ፀሐይ የማንም ከሆነች ደረሰኙ ምን ያደርጋል? እንደ እርሳቸው የሚጠይቁ የሆቴል፣ የሎጅና የመኖሪያ ቤት ባለቤቶች በባሕር ዳርም በደብረ ማርቆስም ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹም ሒሳቡን የሚሠሩት ዕቃውን ከገዙ በኋላ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ማብራራት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። የፀሐይ ማሞቂያ የሚሰጠው ሙቀት በኪሎ ዋት ሰዓት፣ ማለትም የመብራት ቆጣሪ በሚቆጥርበት አሃድ፣ ይለካል፤ የሚያድነው ገንዘብ ግን የሚታወቀው ያው ኪሎ ዋት ሰዓት ከመብራት ቢመጣ ኖሮ በየትኛው ዋጋ ይከፈልበት እንደነበር ሲታወቅ ነው። አንድ ዓይነት ሰሌዳ በአንድ ዓይነት ፀሐይ ሥር ተቀምጦ በአንዱ ግቢ ወጪውን ቶሎ ሲመልስ በጎረቤቱ ግቢ ዓመታት ሊፈጅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሁለት ነገሮችን ለየብቻቸው መረዳት ያስፈልጋል፤ አንደኛው ውኃው ምን ያህል ሙቀት እንደሚፈልግና ሙቀቱ በየት እንደሚያመልጥ ነው፤ ሁለተኛው መብራት እንዴት እንደሚሸጥልን ነው።

ከውኃው እንጀምር። አንድ ኪዩቢክ ሜትር ውኃ፣ ማለትም 1,000 ሊትር፣ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሞቅ 1.16 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚሆን ኃይል ይፈልጋል። ሙቀቱ ከእሳትም ይምጣ ከመብራት ወይም ከፀሐይ ይህ መጠን አይለወጥም። የጋሼ ገንዳ 10 ሜትር ይረዝማል፣ 5 ሜትር ይሰፋል፣ በአማካይ ደግሞ 1.5 ሜትር ይጠልቃል፤ ስለዚህ 75 ኪዩቢክ ሜትር ውኃ ይይዛል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ውኃ በ1 ዲግሪ ብቻ ከፍ ለማድረግ 87 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ ለዋና ደስ ወደሚለው 27 ዲግሪ ለማድረስ ደግሞ 610 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ለጆሮ እንግዳ ከሆነ በቤታችን ዕቃ እንመዝነው፦ 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለ2 ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። አንድን ገንዳ ከ20 ወደ 27 ዲግሪ ማድረስ ማለት እንግዲህ 87 ጊዜ እንጀራ ከመጋገር ጋር እኩል ነው።

ይህ ግን የመነሻው ወጪ ነው። ገንዳ አንዴ ከሞቀ በኋላ ባለቤቱን በየቀኑ የሚያስከፍለው የሚጠፋው ሙቀት ነው፤ የሚጠፋውም ከሁሉ በላይ በትነት ነው። አያቶቻችን በሸክላ እንስራ የሚያስቀምጡት ውኃ በጠራራ ፀሐይ ቀን እንኳ የሚቀዘቅዘው በሸክላው ላይ የሚወጣው ላብ ሲተን ከውስጥ ያለውን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። የመዋኛ ገንዳም አፉን የከፈተ ትልቅ እንስራ ነው። ከላዩ 1 ሊትር ውኃ በተነነ ቁጥር 0.68 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ሙቀት አብሮት ይሄዳል።

ይህን በወሬ ከማስረዳት በዓይን ማሳየት ይሻላል ብዬ ከጋሼ ጋር አንድ ሙከራ አደረግን። ፓምፑን አጠፋን፤ በገንዳው ግድግዳ ሴራሚክ ላይ ልክ የውኃው አፍ በሚደርስበት ቦታ በእርሳስ ቀጭን መስመር አሰመርን። በገንዳው ደረጃ ላይ ደግሞ ከዚያው ከገንዳው የተቀዳ ውኃ በባልዲ አስቀምጠን በባልዲው ውስጥም እንዲሁ ምልክት አደረግን። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ስንመለስ ውኃው ከእርሳሱ መስመር 4 ሚሊ ሜትር ወርዷል፤ የባልዲውም ልክ ያንኑ ያህል ወርዷል። ሁለቱ እኩል መውረዳቸው ገንዳው እንደማያፈስና ውኃው የሄደው ወደ ሰማይ እንደሆነ ያረጋግጣል፤ ባልዲው ሳይወርድ ገንዳው ብቻ ቢወርድ ኖሮ ከማሞቂያ በፊት ግንበኛ መጥራት ነበረብን። 4 ሚሊ ሜትር በዓይን ሲታይ ምንም አይመስልም። በ50 ካሬ ሜትር ስፋት ሲባዛ ግን 200 ሊትር ውኃ ነው፤ 200 ሊትር ሲተን የሚሄደው ሙቀትም 136 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ጋሼ ጣታቸውን በመስመሩና በውኃው መካከል አድርገው ለረዥም ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱት።

በዚህ ላይ የጎጃም አየር የራሱ ጠባይ አለው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ሰማዩ ይጠራል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ከቀትር በኋላም ነፋስ ይነሣል። ደረቅ አየርና ነፋስ ትነትን ያፋጥናሉ፤ ደመና የሌለበት ሌሊት ደግሞ ውኃው ሙቀቱን ወደ ሰማይ እንዲረጭ ያደርገዋል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆና ሌሊቱ እንዲህ ከከበደ፣ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ ወይም ከዚያም በሚቀዘቅዘው በእንጅባራ በኩል ምን ያህል እንደሚከፋ አንባቢ ራሱ ይገምተው። ደግነቱ ግን ሌሊቱ የሚበርድባቸው እነዚሁ ወራት ቀኑ ፀሐያማ የሆነባቸው መሆኑ ነው፤ እንግዳ የሚበዛባቸው የገናና የጥምቀት ሰሞንም በመካከላቸው ይገኛል። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ፣ ደመናው ፀሐዩን ስለሚሸፍነው ከፀሐይ ማሞቂያ ብዙ መጠበቅ አይገባም፤ ይህን አስቀድሞ የማይናገር ሻጭ ለገዢው ቅን አልሆነም።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ብዙ ሰው ችላ የሚለው ነው፦ ከማሞቂያው በፊት ሽፋን። በውኃው ላይ የሚንሳፈፍ፣ አረፋ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን ማታ ተዘርግቶ ጠዋት ሲጠቀለል ትነቱን በአብዛኛው ይገታል። የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴር ለገንዳ ባለቤቶች በሚሰጠው ምክር ሽፋን ብቻውን የማሞቂያን ወጪ ከ50 እስከ 70 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል። ሽፋኑ የሚያድነው ሙቀትን ብቻ አይደለም፤ የሚጨመረውን ውኃና የክሎሪኑንም ፍጆታ ይቀንሳል። ቀን ላይ እንግዳ ሲኖር መነሣቱ ግድ ነው፤ ያም ቢሆን ገንዳው ራሱ 50 ካሬ ሜትር የሆነ የፀሐይ መቀበያ ስለሆነ ቀን ላይ ክፍት መሆኑ የሚጎዳው ያን ያህል አይደለም። ዋናው የሌሊቱ ነው።

አሁን ወደ ሰሌዳው እንምጣ። ለመዋኛ ገንዳ የሚሆነው የፀሐይ ማሞቂያ በየቤቱ ጣሪያ ላይ ለሻወር ከሚሰቀለው የተለየ ነው። የሻወሩ በመስታወት የተሸፈነ ነው፤ ምክንያቱም ውኃውን ከአካባቢው አየር በጣም አስበልጦ ወደ 55 ወይም 60 ዲግሪ ማድረስ ስላለበት ያገኘውን ሙቀት ነፋስ እንዳይወስድበት መከለል አለበት። ገንዳ የሚፈልገው ግን 27 ዲግሪ ነው፤ በቀትር የባሕር ዳር አየርም ከዚያ ብዙ አይርቅም። በውኃውና በአየሩ መካከል ሰፊ ልዩነት ከሌለ የሚያመልጥ ሙቀትም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ መስታወቱ ጥቅሙ አንሶ የተወሰነ ብርሃን የሚከለክል ተጨማሪ ወጪ ይሆናል። ለዚህ ነው የገንዳ ማሞቂያ ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች ጎን ለጎን የተያያዙበት ጥቁር የፕላስቲክ ምንጣፍ የሚመስለው። በግቢ ውስጥ ተዘርግቶ የቆየ ጥቁር የአትክልት ማጠጫ ጎማን በቀትር ከፍቶ እጁን የተቃጠለ ሰው ሁሉ አሠራሩን ያውቀዋል።

የሰሌዳው ስፋት በተለምዶ ከገንዳው የላይ ስፋት ከግማሽ እስከ ሙሉው ድረስ ይሆናል። ለጋሼ ገንዳ 40 ካሬ ሜትር ብንወስድ፣ በጠራ የበጋ ቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚሆን የፀሐይ ኃይል ያርፋል፤ ከዚህ ግማሽ ያህሉ ወደ ውኃው ቢገባ ከአንድ ካሬ ሜትር 2.5፣ ከጠቅላላው ደግሞ 100 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ በቀን ይገኛል። ይህን በትነት ከሚሄደው 136 ጋር ያስተያዩት። ሽፋን ሳይኖር ሰሌዳ መግዛት ቀዳዳውን ሳይደፍኑ እንስራ እንደ መሙላት ነው።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ማሞቂያው በሚያስፈልግባቸው ወራት ፀሐይ በደቡብ በኩል ታልፋለች፤ በታኅሣሥ ወር ቀትር ላይ ከፍታዋ 55 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ወደ ደቡብ ፊቱን አዙሮ ከ25 ዲግሪ ባላነሰ ቢጋደም ይመረጣል። የቆርቆሮ ጣሪያ ከዚህ ያነሰ ተዳፋት ቢኖረውም የሚጠፋው ጥቂት ስለሆነ ለዚያ ብሎ አዲስ የብረት ማቆሚያ ማሠራት ሁልጊዜ አያዋጣም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት የሚደነግጥበት ነው። ሰሌዳው ተገጥሞ ፓምፑ ሲነሣ ጋሼ ወደ ገንዳው የሚመለሰውን ቧንቧ ነክተው «ይኼ እኮ ለብ እንኳ አላለም!» አሉ። ልክ ነበሩ፤ የሚመለሰው ውኃ ከሄደው የሚበልጠው በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ብቻ ነበር። ትክክለኛው አሠራርም ይኸው ነው። ውኃው በፍጥነት ሲያልፍ ሰሌዳው ቀዝቅዞ ይቆያል፤ የቀዘቀዘ ሰሌዳ ደግሞ ያገኘውን ሙቀት ለነፋስ ሳያካፍል ለውኃው ይሰጣል። ፍሰቱን አጥብበው ትኩስ ውኃ ቢመለስ ለእጅ ደስ ይላል፤ ገንዳው የሚያገኘው ጠቅላላ ሙቀት ግን ያንሳል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ብር ለማድረግ ታሪፉን መክፈት አለብን።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በአገራችን በእርከን የተከፋፈለ ነው። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረውና በአራት ዓመታት ደረጃ በደረጃ በተፈጸመው ማስተካከያ መጨረሻ ላይ፣ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ያለው እርከን 0.2730 ብር፣ ከ51 እስከ 100 ያለው 0.7670፣ ከ101 እስከ 200 ያለው 1.6250፣ ከ201 እስከ 300 ያለው 2.0000፣ ከዚያም እያደገ ሄዶ ከ500 በላይ ያለው 2.4810 ብር ሆኖ ነበር። የመጨረሻው እርከን ከመጀመሪያው ከ9 እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ ከፍ የሚል አዲስ ማስተካከያ ስለተጀመረ እነዚህ ዋጋዎች ዛሬ የሚከፈሉ አይደሉም፤ ስሌቱን ለማሳየት ግን ይበቃሉ፤ አንባቢ በእጁ ያለውን የወቅቱን ዋጋ ተክቶ መሥራት ይችላል።

የመሰላሉ ምስጢር ይህ ነው፦ ፍጆታዎን ሲቀንሱ የሚወርዱት ከላይኛው ደረጃ ነው። መዋኛ ገንዳ የሌለው ቤት እንኳ ይህን በሻወር ቦይለሩ ሊያየው ይችላል። በወር 260 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም አንድ የደብረ ማርቆስ ቤተሰብ እንውሰድ፤ ቦይለሩ በቀን 3.5፣ በወር 105 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል እንበል። ቦይለሩ በፀሐይ ማሞቂያ ቢተካ ፍጆታው ወደ 155 ይወርዳል። እያንዳንዱ እርከን ለየብቻው በየዋጋው ቢሰላ፣ የ260ው ክፍያ 334.50 ብር፣ የ155ቱ ደግሞ 141.38 ብር ይሆናል፤ የተቆጠበውም 193.12 ብር ነው። ብዙ ሰው ግን የወሩን ክፍያ ለወሩ ፍጆታ አካፍሎ አማካይ ዋጋ 1.29 ብር ያህል ያወጣና በ105 ያባዛዋል፤ ያም 135 ብር ገደማ ይሰጠዋል። ከእውነተኛው ቁጠባ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው በዚህ ስሌት ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ በአማካይ ዋጋ አያስሉ፤ የሚቀነሱት አሃዶች ያሉበትን እርከን ይፈልጉ።

እርከን በሌላም መንገድ ሊሠራ ይችላል፦ ፍጆታው የደረሰበት እርከን ዋጋ ለጠቅላላው ፍጆታ የሚታሰብበት ስሌት አለ። በዚያ ስሌት የ260ው ክፍያ 520 ብር፣ የ155ቱ 251.88 ብር ይሆንና ቁጠባው ወደ 268 ብር ከፍ ይላል፤ በድንበሩ ላይ ያለች አንዲት ኪሎ ዋት ሰዓትም የወሩን ሒሳብ በሙሉ ልታዘነብለው ትችላለች። በ201 እና በ200 መካከል ያለው ልዩነት ለምሳሌ 77 ብር ነው። የእርስዎ ሒሳብ በየትኛው እንደተሠራ ለማወቅ ደረሰኙን አውጥተው የወሩን የፍጆታ ክፍያ፣ የአገልግሎትና ሌሎች ክፍያዎችን ለይተው፣ በሁለቱም መንገድ ማስላት ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ይገጥማል። የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ያለው ሰው ደግሞ ካርድ የሞላበትን ብር ብቻ ስለሚያስታውስ ፍጆታው ከዓይኑ ይሰወራል፤ በወሩ የመጀመሪያ ቀን የቆጣሪውን ንባብ በደብተር መጻፍ ይህን ችግር ይፈታል።

የጋሼ ቆጣሪ ግን የንግድ ነው። ሆቴልና የእንግዳ ማረፊያ የሚገቡበት ጠቅላላ ታሪፍ በዚያው ማስተካከያ መጨረሻ ላይ 2.1240 ብር የሆነ አንድ ዋጋ ነበረው፤ መሰላል የለውም። ለእንዲህ ያለ ደንበኛ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ኪሎ ዋት ሰዓት እኩል ስለሆነች ስሌቱ ይቀላል፦ በቀን 100፣ በወር 3,000 ኪሎ ዋት ሰዓት በ2.1240 ሲባዛ 6,372 ብር ይሆናል። ያው ገንዳ በመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ላይ ቢሆን ኖሮ ከ500 በላይ ባለው እርከን ስለሚወድቅ 7,443 ብር ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ ግን ለጋሼ ደስ የማይል ነገር መናገር ነበረብኝ። የመብራት ክፍያቸው በፀሐይ ማሞቂያው ምክንያት አይቀንስም። በአንድ ወቅት 12 ኪሎ ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስገጥመው በቀን ለ8 ሰዓት ያህል ያሠሩት ነበር፤ የሁለት ወር ሒሳብ ካዩ በኋላ አጥፍተውት ገንዳው በብርዱ ቀርቷል። አሁን በደረሰኛቸው ላይ የሌለ ወጪ ሊቀነስ አይችልም። የሚያገኙት ሞቅ ያለ ውኃ ነው፤ የሚከፍሉት ደግሞ ውኃውን ወደ ሰሌዳው የሚገፋው ፓምፕ የሚፈጀውን ነው። ትክክለኛው ጥያቄ እንግዲህ «ስንት ይቀንስልኛል?» መሆኑ ቀርቶ «27 ዲግሪ ውኃ በየትኛው መንገድ በርካሽ ይገኛል?» መሆን አለበት። ከመንገዶቹ አንዱ ሙቀት አስተላላፊ ፓምፕ ነው፤ እንደ ፍሪጅ ሆኖ ከአየር ላይ ሙቀት እየሰበሰበ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት አራት ወይም አምስት ኪሎ ዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። ስለዚህ 3,000 የሆነውን የወር ፍላጎት ከ600 እስከ 750 በሚሆን መብራት ያሟላል፤ በዚያው ዋጋ ከ1,274 እስከ 1,593 ብር መሆኑ ነው። የፀሐይ ሰሌዳ ሻጭ ሁልጊዜ የሚያወዳድረው እጅግ ውድ ከሆነው ከተራው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጋር ነው፤ ገዢው ግን ከዚህኛውም ጋር ማወዳደር አለበት። የእኔ አስተያየት በጎጃም በጋ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ፣ ጣሪያ ላለው ሰው ሰሌዳው ይሻላል የሚል ነው፤ ክረምት ከበጋ ገንዳ ማሞቅ ለሚፈልግ ግን ሙቀት አስተላላፊው ይመረጣል።

ሌላም የታሪፍ ዓይነት አለ፤ እርሱም በሰዓት የሚለያየው ነው። በካሊፎርኒያ ትልልቆቹ የመብራት ኩባንያዎች ለመኖሪያ ቤት ደንበኞቻቸው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ያለውን ጊዜ ውድ አድርገው ይሸጣሉ። ቀድሞ ውዱ ጊዜ ገና ከቀትር በኋላ ይጀምር ስለነበር የገንዳ ባለቤቶች አጣብቂኝ ውስጥ ይገቡ ነበር፦ ፓምፑን ሌሊት ቢያሠሩ መብራቱ ርካሽ ነው፣ ሰሌዳው ግን ፀሐይ የለውም፤ ቀን ቢያሠሩ ፀሐዩ አለ፣ መብራቱ ይወደዳል። በየጣሪያው የፀሐይ ኤሌክትሪክ እየበዛ ሲመጣ የቀኑ መብራት ተትረፈረፈና ውዱ ሰዓት ወደ አመሻሽ ተገፋ፤ የሰሌዳው ፓምፕም ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በርካሹ ዋጋ መሥራት ቻለ። አንድ ጣሪያ ላይ ያለ አንድ ሰሌዳ፣ ምንም ሳይነካ፣ ታሪፉ ስለተለወጠ ብቻ ጥቅሙ ተለወጠ። በእኛ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ዋጋው በፍጆታ መጠን ስለሚለያይ ቤተሰብ ሌሊት በመጋገሩ ዋጋ አይቀነስለትም። በምሽት ግን ምጣዱ፣ ምድጃውና መብራቱ በአንድ ላይ ስለሚነሡ በመስመሩ ላይ ጫናው የሚበረታው ያኔ ነው፤ ገንዳን በዚያ ሰዓት በመብራት ማሞቅ ጎረቤትንም ይጎዳል።

ከፍጆታ በተጨማሪ በወሩ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሳቡት ከፍተኛ ኪሎ ዋት ተለክቶ የሚከፈልባቸው ትልልቅ ደንበኞች ደግሞ ሊጠነቀቁ የሚገባቸው ነገር አለ። ወሩን ሙሉ ገንዳቸውን በፀሐይ አሙቀው ሲያበቁ በአንድ ደመናማ ቀን ማታ፣ ወጥ ቤቱና ልብስ ማጠቢያው በሚሠሩበት ሰዓት፣ የመጠባበቂያውን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቢያበሩት ያ አንድ ምሽት የወሩን ከፍተኛ ልክ ይወስናል፤ በሌሎቹ ቀናት የተገኘው ቁጠባም በከፊል ይበላል።

ወደ ፓምፑ ልመለስ፤ የጋሼ እውነተኛ ወጪ እርሱ ነውና። 1.1 ኪሎ ዋት የሚስብ ፓምፕ በቀን 7 ሰዓት ቢሠራ በወር 231 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ከዚህ አብዛኛው ለማጣሪያው ሲባል ቀድሞም የነበረ ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የማጣሪያውን ሰዓት ከሌሊት ወደ ቀን አምጥቶ ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ላይ ማሠራት ነው። ፍጥነቱ የሚስተካከል ፓምፕ ያለው ሰው የበለጠ ያተርፋል፤ ፓምፕ በግማሽ ፍጥነት ሲዞር የሚስበው ኃይል በስሌት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ያንኑ ውኃ ለመግፋት ሁለት እጥፍ ጊዜ ቢወስድ እንኳ ጠቅላላ ፍጆታው ሩብ ብቻ ነው። በተግባር ከዚህ ትንሽ ይበልጣል። ነገር ግን ውኃው ጣሪያ ላይ መውጣት ስላለበት ፍጥነቱ ከልክ በላይ ከወረደ ሰሌዳው በከፊል ደርቆ ይቀራል፤ ለዚህ ነው ሰሌዳውን ከፎቁ ላይ ከመስቀል ይልቅ በዝቅተኛው የወጥ ቤት ጣሪያ ላይ ያነጠፍነው።

ፓምፑን የሚያዝዘው ትንሽ መቆጣጠሪያ ሁለት የሙቀት መለኪያ አለው፤ አንዱ በሰሌዳው ላይ፣ ሌላው ከገንዳው በሚወጣው ቧንቧ ላይ ይታሰራል። ሰሌዳው ከውኃው በጥቂት ዲግሪ ሲበልጥ ውኃው ወደ ጣሪያው እንዲወጣ ያደርጋል፤ ልዩነቱ ሲጠፋ ይዘጋዋል። የጣሪያው መለኪያ በጥላ ሥር ከታሰረ ፀሐዩን ሳያይ ይውላል፤ በጋለው ቆርቆሮ ላይ ከተኛ ደግሞ ደመና በገባበት ሰዓት እንኳ ሰሌዳው የሞቀ ይመስለውና ፓምፑን በከንቱ ያሠራዋል። በጋሼ ግቢ ያጋጠመን ይህ ሁለተኛው ነበር፤ ከቀኑ 11 ሰዓት አልፎ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፓምፑ ገና ይሠራ ነበር፤ ሰሌዳውም የቀኑን ሙቀት መልሶ ለምሽቱ ነፋስ ይሰጥ ጀመር። መለኪያውን ከቆርቆሮው አንሥተን በዚያው በጥቁሩ ፕላስቲክ ቁራጭ ላይ አሰርነው።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ አንድ ደብተር አስቀምጠዋል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሽፋኑ ከመነሣቱ በፊት የውኃውን ሙቀት፣ የቆጣሪውን ንባብና ያለፈው ቀን ደመና የነበረው መሆን አለመሆኑን ይጽፉበታል። የእርሳሱ መስመር በሴራሚኩ ላይ ዛሬም አለ፤ ሽፋኑ በተዘረጋበት ሌሊት ውኃው ከመስመሩ የሚወርደው ለዓይን በሚያስቸግር መጠን ነው።